ሆድ ሳይቀደድ የወጣ ነቀርሳ

በ2017 ዓ.ም. የፋሲካ ዕለት ማለዳ፣ ደንበጫ አጠገብ ባለው የአባቴ ቀዬ፣ አጎቴ በጉን አርደው እየገፈፉ ሳለ ቀና ብለው ተመለከቱኝና ሦስት ዓመት ሙሉ በልባቸው ይዘውት የኖሩትን ጥያቄ አወጡት። «እኔ የማይገባኝ» አሉ፣ «ሆድህ ላይ ጠባሳ የለም፤ ታዲያ ነቀርሳውን በየት በኩል አወጡት?» በአፌ በኩል ነው ብዬ ስመልስላቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ዋሽቶኛል ብለው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ታላቅ ወንድማቸውን፣ ማለትም አባቴን፣ በዚሁ በሽታ፣ በጨጓራ ካንሰር፣ ቀብረዋል፤ ያው በሽታ የያዘው ሰው ፊታቸው ቆሞ የበግ እግር ይዞላቸው ማየቱ በራሱ ለመቀበል የሚከብድ ነገር ነበር። ያን ዕለት በቁሜ የሰጠኋቸው መልስ አጭርና ጎደሎ ስለነበረ ሙሉውን እዚህ እጽፈዋለሁ።

አባቴ ያረፉት በ2006 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለስድስት ዓመታት ያህል «ጨጓራ ነው» ሲባሉ ኖረዋል። ጠዋት ጠዋት እናቴ የተቆላ ተልባ ወቅጣ በውኃ በጥብጣ ትሰጣቸው ነበር፤ ሲብስባቸው ጸበል ይጠመቃሉ፤ ገበያ የወጡ ቀን ደግሞ ከመድኃኒት ቤት የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ገዝተው ይመለሳሉ። ስሙን የማልጠራው አንድ ክሊኒክ በሄዱ ቁጥር ያንኑ እንክብል በወረቀት ጽፎ ይሸኛቸው እንጂ «ጨጓራዎ በካሜራ ይታይ» ብሎ ወደ ሌላ ቦታ የላካቸው አንድም ጊዜ አልነበረም። በመጨረሻው ዓመት ሁለት ሦስት ጉርሻ እንደጎረሱ «ጠገብሁ» ማለት ጀመሩ። ቀበቷቸው ስለሰፋባቸው በወስፌ አዲስ ቀዳዳ ይበሱለት ነበር፤ ሲያርፉ ቀበቶውን ባየው፣ ከፋብሪካ ከወጣው ቀዳዳ ውጭ በእጃቸው የተበሱ አራት ቀዳዳዎች ቆጠርሁበት። ሰገራቸው እንደ ከሰል መጥቆሩን ለእናቴ እንጂ ለእኛ አልነገሩንም፤ እናቴም የምስር ወጥ ወይም የበሉት ነገር መስሏት አለፈችው። ባሕር ዳር ወስደናቸው በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቱቦ፣ ሲታዩ ካንሰሩ የጨጓራውን ግድግዳ ዘልቆ ጉበታቸው ደርሶ ነበር። በአራተኛው ወር ቀበርናቸው።

እኔ በ2014 ዓ.ም. ደቡብ ኮሪያ ውስጥ፣ የቃኘው ሻለቃ መታሰቢያ በሚገኝባት በቹንቾን ከተማ፣ የትምህርት ዕድል አግኝቼ እማር ነበር። ዕድሜዬ 41 ነበር። በዚያ አገር የጨጓራ ካንሰር እጅግ የተለመደ በሽታ በመሆኑ፣ ዕድሜው 40 የሞላው ሰው ሁሉ ምንም ባይሰማውም በየሁለት ዓመቱ ጨጓራውን እንዲመረመር በመንግሥት ይጠራል፤ የአገሪቱ የጤና መድን የውጭ ተማሪዎችንም ስለሚያካትት የጥሪው ደብዳቤ እኔም ዘንድ ደረሰ። ሕመም የሚባል ነገር አልነበረብኝም። ደብዳቤውን ለሳምንታት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው ከቆየሁ በኋላ የሄድሁት ስለ ራሴ ጨንቆኝ ሳይሆን አባቴን አስታውሼ ነው። ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችኝም «ከወላጅ ወይም ከወንድም ከእኅት የጨጓራ ካንሰር የነበረበት አለ?» ብላ ነው። ስለ በርበሬ ትጠይቀኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሷ ግን ስለ ትምባሆና ጨው ስለበዛበት ምግብ ጠየቀችኝ።

በምርመራው በጨጓራዬ የታችኛው ክፍል፣ ወደ አንጀት መውጫው አጠገብ፣ 14 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ቀላ ብሎ ጥቂት ጎድጎድ ያለ ቦታ ተገኘ። በስክሪኑ ላይ ስታሳየኝ እኔ ከአካባቢው ልለየው አልቻልሁም ነበር። ከዚያች ቦታ የተቆነጠረው ናሙና ሲመረመር ካንሰር መሆኑ ታወቀ። ያን ዕለት ማታ የአባቴ አልጋና ያ ቀበቶ ብቻ ነበሩ የሚታዩኝ። ለእናቴ አልነገርኋትም፤ ለታላቅ እኅቴ ብቻ ደውዬ ነገርኋት፤ እሷም «ስንት ወር ሰጡህ?» ብላ ጠየቀችኝ። በቤታችን ስለዚህ በሽታ ሌላ የሚጠየቅ ጥያቄ አልነበረምና አልፈረድሁባትም።

መልሱ ግን በወራት የሚቆጠር አልነበረም። ምክንያቱን ለመረዳት የጨጓራን ግድግዳ ማወቅ ያስፈልጋል። ግድግዳው አንድ ወጥ ሥጋ አይደለም፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲቆጠር መጀመሪያ አሲድና ንፍጥ የሚያመነጨው ስስ ሽፋን አለ፣ ከሥሩ የደም ሥሮችና ሊምፍ የተባለውን የሰውነት ፈሳሽ የሚወስዱ የሊምፍ ቧንቧዎች የሚተላለፉበት ልል ሽፋን ይከተላል፣ ከዚያም ምግቡን እያሸ የሚፈጨው ጡንቻ፣ በመጨረሻም የውጭው ልባስ ይመጣል። የተለመደው የጨጓራ ካንሰር ከመጀመሪያው ሽፋን ተነስቶ ወደ ውጭ የሚጓዝ ነው። የጃፓን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1962 ከሁለተኛው ሽፋን ያላለፈውን «በጅምር ላይ ያለ የጨጓራ ካንሰር» ብለው ለይተው የሰየሙት ያለ ምክንያት አልነበረም። ካንሰሩ በመጀመሪያው ሽፋን ብቻ ተወስኖ ሲገኝ ወደ ሊምፍ ዕጢዎች፣ ማለትም በእነዚያ ቧንቧዎች መንገድ ላይ ወዳሉት ትናንሽ ዕጢዎች፣ የመሰራጨቱ ዕድል ከመቶ 2 ወይም 3 ገደማ ነው፤ ወደ ሁለተኛው ሽፋን ሲዘልቅ ግን ከመቶ ወደ 20 ይጠጋል። በእነዚህ ሁለት ሽፋኖች መካከል ያለው ርቀት በዓይን የማይለካ ነው፤ የአባቴና የእኔ ዕጣ የተለያየው ግን እዚያ ላይ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ግልጽ ነው። ቪየና ላይ ቴዎዶር ቢልሮት እ.ኤ.አ. በጥር 1881 ካንሰር የያዘውን የጨጓራ ክፍል ቆርጦ አውጥቶ ታማሚዋ ከቀዶ ሕክምናው ከተረፈች ወዲህ፣ ለዚህ በሽታ የነበረው መድኃኒት ሆድን ከፍቶ ጨጓራውን በከፊል ወይም በሙሉ ከነአካባቢው የሊምፍ ዕጢዎች ማውጣት ነበር፤ ዛሬም ካንሰሩ ጠልቆ ሲገኝ ትክክለኛው መንገድ ይኸው ነው። ነገር ግን ካንሰሩ ወደ ዕጢዎቹ ያልሄደ መሆኑ እርግጥ ሊባል የሚችልበት ሁኔታ ካለ፣ የታመመውን ሽፋን ብቻ ልጦ ማንሳት ይበቃል፤ ጨጓራውም በቦታው ይቀራል። መጀመሪያ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ ጃፓኖቹ ቦታውን በፈሳሽ አሳብጠው በሽቦ ቀለበት እያነቁ ይቆርጡት ነበር። ቀለበቱ ትልቁን ቁስል በአንድ ጊዜ ሊይዝ ስለማይችል እየቆራረጡ ማውጣት ግድ ሆነባቸው፤ የተቆራረጠ ነገር ደግሞ ዳርቻው መጥራቱን ለማረጋገጥ አያመችም፣ በሽታውም በዚያው ቦታ ይመለስ ነበር። በ1990ዎቹ መገባደጃ በቶኪዮ ብሔራዊ የካንሰር ማዕከል የነበሩ ሐኪሞች ጫፉ ላይ ትንሽ የሴራሚክ ኳስ ያለው የኤሌክትሪክ ቢላ በኢንዶስኮፑ ቱቦ ውስጥ አሳልፈው ሽፋኑን በአንድ ወጥ ቁራጭ መግፈፍ ቻሉ። ሴራሚክ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ቢላው በጎኑ ይቆርጣል እንጂ በጫፉ ወደ ታች ጡንቻውን አይበሳም። ሕክምናው ኢንዶስኮፒክ ሰብሙኮሳል ዲሴክሽን ይባላል፤ በምሕፃረ ቃል ኢኤስዲ ይሉታል።

ለአጎቴ ያን ዕለት ልነግራቸው የሞከርሁት ይህንኑ ነበር፤ የተሻለው ማስረጃ ግን እጃቸው ላይ ነበር። በግ ሲገፍፉ አይቻቸዋለሁ፤ የኋላ እግሩን ቆዳ በካራ ከፈት ካደረጉ በኋላ ካራውን አስቀምጠው በጡጫቸው ይገፋሉ፤ በቆዳውና በሥጋው መካከል ያለችው ነጭ፣ ድር መሳይ፣ ልል ነገር እየተላቀቀች ቆዳው ያለ ምንም ብሳት ይወርዳል። ካራውን የሚያነሱት ጡጫ አልላቅቅ ሲለው ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ስለቱን ወደ ቆዳው ሳይሆን ጠፍጣፋውን አስተኝተው ነው። የተበሳ ቆዳ ዋጋ እንደሌለው በሚገባ ያውቃሉ። የጨጓራው ሁለተኛ ሽፋን ያቺ ድር መሳይ ነገር ናት። ሐኪሙ በመርፌ ሰማያዊ ቀለም የተቀላቀለበት ፈሳሽ ወደ ውስጧ ሲወጋ የታመመው ሽፋን እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ከጡንቻው ይርቃል፤ ቢላው የሚሄደው በዚያ ሰማያዊ ክፍተት ውስጥ ነው። አጎቴ ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ሙያተኛ ነው» አሉ፤ ከዚያ በላይ ምስጋና ከአፋቸው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

የእኔ ሕክምና አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያህል እንደፈጀ ነግረውኛል። በግራ ጎኔ አስተኙኝ፣ ጥርሴ መካከል የላስቲክ ቀለበት አደረጉ፣ በክንዴ በተሰጠኝ መድኃኒት እንቅልፍ ወሰደኝ። ካሜራው ከገባ በኋላ የሆነውን ያወቅሁት በማግስቱ ሐኪሙ ቪዲዮውን ሲያሳየኝ ነው። መጀመሪያ ከካንሰሩ ዳርቻ አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ ዙሪያውን በትናንሽ የቃጠሎ ነጥቦች ምልክት አደረገ፤ ፈሳሹን ወጋ፤ ከነጥቦቹ ውጭ ዙሪያውን ቆረጠ፤ ከዚያ ከአንድ ጎን ጀምሮ ወደ ውስጥ ገፈፈ። ደም ሥር ባገኘ ቁጥር ቆም ብሎ ይቆነጥጥና በሙቀት ይዘጋዋል፤ ብዙውን ጊዜ የወሰደው ይህ ነው። የተገፈፈችውን ቁራጭ በአፌ በኩል አውጥተው፣ እንዳትኮማተር በነጭ ፎም ላይ ዘርግተው ዙሪያዋን በቀጫጭን መርፌዎች ወጥረዋት ነበር። ፎቶግራፉን ሳየው፣ በልጅነቴ ግቢያችን ውስጥ በችካል ተወጥሮ ፀሐይ ላይ የሚደርቀውን ቆዳ አስታወስሁ። ርዝመቷ አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር፤ መሐሏ ላይ ያችው ቀላ ያለች ቦታ አለች።

አንድ ቀን ምንም ሳልቀምስ ቆየሁ፤ ከዚያ የሩዝ ገንፎ ተሰጠኝ፤ በአራተኛው ቀን ወደ ማደሪያዬ ተመለስሁ። በጨጓራዬ ውስጥ የቀረው ሰፊ ቁስል እስኪድን ስምንት ሳምንት ያህል የአሲድ መቀነሻ መድኃኒት ወሰድሁ። አባቴን ለስድስት ዓመታት ያዘናጋቸው ያው ዓይነት እንክብል ነው፤ ለእኔ ግን በሽታው ከወጣ በኋላ ቁስሉን ለማዳን ነበር የተሰጠኝ።

ሰዎች ስለዚህ ሕክምና ሲሰሙ ከአልጋ እንደወረዱ ሁሉ ነገር ያለቀ ይመስላቸዋል፤ ለእኔ ከባዱ ከዚያ በኋላ የመጣው ሳምንት ነበር። ሐኪሙ ቁራጯን ሲያነሳ ተሳክቶለት እንደሆነ እሱ ራሱ በእርግጠኝነት አያውቅም። ፍርዱን የሚሰጠው ናሙና የሚመረምረው ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቱ፣ ነው። ቁራጯ ሁለት ሁለት ሚሊ ሜትር እየተደረገች ትከተፍና እያንዳንዷ በማይክሮስኮፕ ትታያለች፤ ዳርቻዋም ሥሯም ከካንሰር የጠራ መሆን አለበት፣ ጥልቀቱ መለካት አለበት፣ ካንሰሩ የደም ሥር ወይም የሊምፍ ቧንቧ ውስጥ መግባት አለመግባቱ መታየት አለበት፣ የሕዋሶቹም ዓይነት ይመዘናል። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ቢጓደል፣ አስቀድሞ የተደረገው ሁሉ እንደ ትልቅ ናሙና ይቆጠርና ታማሚው ለቀዶ ሕክምና ይላካል። ሐኪሙ ይህን ከሕክምናው በፊት ነግሮኝ፣ ተረድቼ ፈርሜለት ነበር። ከመቶ ጥቂት ሰዎች ላይ መድማት ወይም የጨጓራ መበሳት ሊደርስ እንደሚችልም፣ ብሳቱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው በብረት ክሊፕ እንደሚዘጋም ነግሮኛል። ውጤቱ ሲመጣ የእኔው ከመጀመሪያው ሽፋን አላለፈም ነበር። ለእኅቴ ደውዬ ስነግራት «ወር አልሰጡኝም» አልኋት። እናቴ የሰማችው ያን ጊዜ ነው።

ሁሉም ሰው በዚህ መንገድ ይታከማል ማለት አይደለም። ሕዋሶቹ ሥርዓታቸውን ብዙ ያልለቀቁ፣ በመጀመሪያው ሽፋን የተወሰነና ያልቆሰለ ካንሰር ከሆነ ስፋቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር ቢበልጥም ሊገፈፍ ይችላል፤ የቆሰለ ከሆነ እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ድረስ ነው፤ የሕዋሶቹ ዓይነት የከፋ ሲሆን ደግሞ መስፈርቱ ይጠብቃል። ከዚህ ካለፈ በአፍ በኩል የሚደረግ ሕክምና ለታማሚው ምሕረት አይሆንም፤ ዕጢዎቹ ውስጥ የተደበቀውን ጥሎ መሄድ ነውና። በጊዜው ተገኝቶ በአግባቡ የታከመ የጅምር ካንሰር ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ከመቶ ሰዎች ከ90 በላይ የሚሆኑትን በሕይወት ያቆያል።

ጨጓራው በቦታው መቅረቱ የራሱ ዕዳ አለው። ያንን ካንሰር ያበቀለው መሬት አሁንም እዚያው ስለሆነ በሌላ ጥግ ሌላ ሊበቅል ይችላል። የመሬቱ ዋና አበላሽ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ነው። አውስትራሊያውያኑ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1982 ካገኙት በኋላ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1994 ካንሰር አምጪ መሆኑን አረጋገጠ፤ ሁለቱ ሰዎችም በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በእኛ አገር «የጨጓራ ባክቴሪያ» የሚባለው እሱ ነው። በኮሪያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ እንደ እኔ በኢንዶስኮፒ ከታከሙ ሰዎች መካከል ባክቴሪያውን የሚያጠፋ መድኃኒት ከተሰጣቸው 7.2 በመቶው፣ ማስመሰያ፣ ማለትም መድኃኒት መስሎ መድኃኒትነት የሌለው እንክብል፣ ከተሰጣቸው ግን 13.4 በመቶው አዲስ ካንሰር እንደወጣባቸው አሳይቷል። ሌላው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው፣ ይበልጥ ወደ ቤታችን የሚገባ ነው፤ ወላጃቸው ወይም ወንድም እኅታቸው በጨጓራ ካንሰር የታመመባቸው ጤነኛ ሰዎች ባክቴሪያውን በመድኃኒት ለማጥፋት ታክመው ለዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲከታተሏቸው 1.2 በመቶው፣ ማስመሰያ የተሰጣቸው ግን 2.7 በመቶው ካንሰር ያዛቸው። ይህን ካነበብሁ በኋላ ለእኅቴና ለታናሽ ወንድሜ ያልደወልሁበት ሳምንት አልነበረም። ሁለቱም ባሕር ዳር ታዩ፤ ሁለቱም ላይ ባክቴሪያው ተገኘ፤ ሁለቱም የ14 ቀኑን መድኃኒት ጨረሱ። ወንድሜ በሦስተኛው ቀን አፉን ስለመረረው ሊያቋርጥ ነበር፤ እኅቴ ጠዋትና ማታ ቆማ አስዋጠችው።

እኔ አሁን ደብረ ማርቆስ አስተምራለሁ፤ በየዓመቱም ለክትትል ባሕር ዳር እሄዳለሁ። ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው መንገድ አንዳንዴ ስለሚዘጋ አንዱ ቀጠሮ በአምስት ወር ዘግይቶብኛል።  በየጊዜው የሚያሳስበኝ ግን የእኔው መንገድ አይደለም። ሥራ ቦታ፣ ገበያ ላይ፣ ለቅሶ ቤት ስለ ጨጓራው የማያወራ ሰው አላገኝም፤ ኪሱም ውስጥ ኦሜፕራዞል የሌለው ጥቂት ነው። እንክብሉ ክፉ ነገር ሆኖ አይደለም። በጅምር ላይ ያለ ካንሰር የፈጠረው ቁስል እንኳ አሲዱ ሲቀንስለት ላይ ላዩን ሊያገግምና ሕመሙ ሊጠፋ ይችላል፤ ሥሩ ግን ይቀጥላል። ስለዚህ «መድኃኒቱ ስለተሻለኝ ደህና ነኝ» የሚለው ማስረጃ እንደማይሆን ለሰው ሁሉ እናገራለሁ። ክብደቱ ያለ ምክንያት የቀነሰ፣ ሰገራው የጠቆረ፣ ምግብ አልወርድ ያለው፣ በጥቂቱ የሚጠግብ፣ የሚያስመልሰው፣ ደም ያነሰው፣ ወይም ዕድሜው ገፍቶ የጨጓራ ሕመም አዲስ የጀመረው ሰው ተልባ የሚጠጣበት ጊዜ የለውም። ምልክቶቹ ከታዩ ደግሞ ብዙ ጊዜ የእኔው ዓይነት ሕክምና የሚሠራበት ወቅት አልፏል፤ የእኔው አንድም ምልክት አልነበረውም። ስለዚህም ነው በቤተሰቡ ይህ በሽታ የነበረበት ሰው ሳያመው ይታይ የምለው፤ ይህን የሚያነብ ሐኪም ወይም ነርስ ካለም ለጨጓራ ታማሚ ሁሉ «ከቤተሰብህ ማን ታሞ ነበር?» የሚለውን ጥያቄ እንዲጠይቅ እለምናለሁ።

አጎቴ የፋሲካው ዕለት በጉን ገፍፈው ከጨረሱ በኋላ እጃቸውን እየታጠቡ «እኔንስ ያዩኛል?» ብለው ጠየቁኝ። የአባቴ ታናሽ ናቸው፤ 62 ዓመታቸው ነው፤ እሳቸውም በየገበያው ቀን ያንን እንክብል ይገዛሉ። እህሉን ላስገባ ብለው እስከ ጥር አዘገዩኝ። ከምርመራው ሁለት ሳምንት አስቀድሞ እንክብሉን እንዲያቆሙ አደረግሁ፤ ሳያቆሙ ከተመረመሩ ባክቴሪያው ተደብቆ ሊያመልጥ ይችላልና። በባዶ ሆዳቸው ገብተው፣ ጉሮሯቸውን በማደንዘዣ ተረጭተው፣ ሳይተኙ ታዩ። እጄን ይዘውኝ ነበር፤ ሲያልቅ ጣቶቼ ነጥተው ነበር። ሐኪሙ ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዙሮ የራሳቸውን ጨጓራ ሲያሳያቸው ዓይናቸው እንባ ያቀረረ ሆኖ ረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

ካንሰር አልተገኘባቸውም። ባክቴሪያው አለ፤ የውስጠኛው ሽፋንም በሰፊው ሳስቷል፤ ይህ ዓይነቱ መሳሳት ከዓመታት በኋላ ወደ ካንሰር ሊያመራ ስለሚችል መድኃኒቱን ጨርሰው ከ3 ዓመት በኋላ እንደገና እንዲታዩ ታዘዘላቸው። መነሃሪያ ደርሰን አውቶቡሱን ስንጠብቅ፣ ቀኑ የተጻፈበትን ወረቀት ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ቤት ሲገቡ አራት አድርገው አጥፈው፣ ሳጥናቸውን ከፍተው፣ የመሬት ይዞታ ደብተራቸው ውስጥ አስገቡት።